ፈረስ የሚግጠው መሬት፦ ጥርስና ፋንድያ

አቅራቢ 1፦ ዛሬ የምናወራው ስለ ፈረስ ግጦሽ ነው፤ በተለይ እንደ አዊ ባለ ዝናብ በማያጣው ደጋ። «ከብት የሚግጥበት ለፈረስም ይሆናል» የሚል ሰው ብዙ ነው።

አቅራቢ 2፦ አጋጋጣቸው እኮ ለየቅል ነው። ላም የላይ የፊት ጥርስ የላትም፤ ሣሩን በምላሷ ጠቅልላ ትነጫለች፣ ጉቶው ይተርፋል። ፈረስ ከላይም ከታችም ጥርስ ስላለው እስከ ሥሩ ይላጨዋል። ደግሞ የወደደው ቦታ ላይ ይመላለሳል። ያ ቦታ ይራቆትና መጭና ኮሸሽላ ይወርሰዋል።

አቅራቢ 1፦ ታዲያ መቼ ይነሳ?

አቅራቢ 2፦ ቀን አትቁጠሩ፣ ቁመት ለኩ። ሣሩ አራት ጣት፣ ማለትም 8 ሴንቲ ሜትር ግድም ሲደርስ ፈረሱ ይውጣ፤ ስንዝር ሲሞላ ይመለስ። ለዚህ መሬቱን ቢያንስ አራት ቦታ መክፈል ነው። አጥር ለሌለው ችካል አለ፤ 6 ሜትር ገመድ 113 ካሬ ሜትር ያስግጣል። ችካሉን በየማለዳው ማዛወር ነው።

አቅራቢ 1፦ ፋንድያውስ?

አቅራቢ 2፦ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው! ፈረስ ፋንድያ የጣለበትን ሣር አይነካም። ስለዚህ ግማሹ ሜዳ ይላጫል፣ ግማሹ ያለ ጥቅም ያድጋል። ከፋንድያው የሚወጣው የአንጀት ትል እጭ ደግሞ እርጥብ ሣር ላይ ይወጣል፤ ፈረሱ አብሮ ይውጠዋል። በሳምንት ሁለቴ ለቅሞ ማውጣት ያስፈልጋል። በክረምት በትኖ መተው እጩን ሜዳውን ሙሉ መዝራት ነው፤ መበተን የሚቻለው በጠራራ በጋ፣ ፈረሱ በሌለበት ክፍል ነው።

አቅራቢ 1፦ ከብት አስከትሎ ማስገባትስ?

አቅራቢ 2፦ በጣም ጥሩ። ፈረሱ የተወውን ረጅም ሣር ከብትና በግ ይበሉታል፤ አብዛኛው የፈረስ ትል እነሱ ሆድ ውስጥ ይሞታል። አህያና በቅሎ ግን ለዚህ አይሆኑም፣ ትላቸው ከፈረስ ጋር አንድ ነው።

አቅራቢ 1፦ በጋ ላይ ሣር ሲጠፋስ?

አቅራቢ 2፦ ድርቆሽ። 200 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎ፣ ጋሪ ለሚጎትት ከዚያ በላይ። የሻገተ ከሆነ ግን ጣሉት፤ ከብት ቢችለው ፈረስ አይችለውም፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ሳንባውንም ይጎዳል። ዝናብ ገብቶ ለምለም ሣር ሲመጣም መጀመሪያ ድርቆሽ አብልታችሁ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ልቀቁት፤ ሁለት ሳምንት ያህል ሰዓቱን ቀስ በቀስ ጨምሩለት።

አቅራቢ 1፦ ረግረጉ ዳርስ?

አቅራቢ 2፦ በክረምት ማብቂያ ከምሽት እስከ ንጋት ከዚያ አርቁት። የአፍሪካ ፈረስ በሽታን የምታስተላልፈው ጥቃቅን ነካሽ ዝንብ በዚያ ሰዓት ነው የምትወጣው። ክትባቱንም ከዝናቡ በፊት ማስከተብ ነው።