ከክፍላችን ከመውጣታቸው በፊት
በጅማ ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርሶችና ለአዋላጆች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ነርሶችና አዋላጆች፣

በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 8 ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይመጣሉ። ከእነዚህ ሩብ ያህሉ ችግራቸው ከባድ ነው፤ ዓመት ሳይሞላቸው ቀዶ ሕክምና ወይም ሌላ የልብ ሕክምና ይፈልጋሉ። ፈተናው ብዙዎቹ በመጀመሪያው ቀን ጤነኛ መምሰላቸው ነው። የሳንባን ደም ቧንቧ ከዋናው የደም ቧንቧ ከአኦርታ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ፣ ዳክተስ አርቴሪዮሰስ፣ ለሰዓታት ክፍት ይቆይና ብዙ ጊዜ እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይዘጋል። ዝውውሩ በዚህ ቱቦ ላይ የተመሠረተ ሕፃን ያን ጊዜ በድንገት ይገረጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ጡት ይተዋል። መልኩ ከሴፕሲስ፣ ማለትም በደም ከተሰራጨ ኢንፌክሽን፣ አይለይም። አንቲባዮቲክ መጀመሩ ተገቢ ነው፤ የብሽሽቱን ትርታ ሳንዳስስ ግን ምርመራውን አንዝጋ።

ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የደሙን የኦክስጅን ሙሌት በፐልስ ኦክሲሜትር በቀኝ እጅና በአንድ እግር እንለካ። ሁለቱም 95 ከመቶና ከዚያ በላይ ሆነው ልዩነታቸው ከ3 ካልበለጠ ደህና ነው። ከሁለቱ አንዱ ከ90 በታች ከሆነ ወዲያው ሐኪም ይጠራ። በመካከል ላለው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደገም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ብትሆንም፣ 92 አንብቦ «ከፍታው ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። እናትየው ከ24 ሰዓት በፊት የምትወጣ ከሆነ ሳንለካ አንሸኛት፤ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ይበዛል እንጂ ልኬቱ ዋጋ አያጣም።

መሣሪያው የሚዋሸው ባብዛኛው በእኛ አያያዝ ነው፦ እግሩ ቀዝቅዞ፣ የቢጫነት ሕክምና መብራት ሴንሰሩ ላይ አርፎ፣ ፕላስተሩ ጠብቆ፣ ወይም የአዋቂ ሴንሰር ተደርጎ። በመሣሪያው ላይ የሚታየው የትርታ ማዕበል ሳይስተካከልና የሚታየው የልብ ምት በስቴቶስኮፕ ከቆጠርነው ጋር ሳይገጥም ቁጥር አንመዝግብ። በዓይን ስናይ ደግሞ ምላስና ድድ እንይ። የእጅና የእግር መዳፍ መጥቆር በጤነኛ ጨቅላም ያጋጥማል፤ ደም ያነሰው ሕፃን ግን ሙሌቱ ወርዶም ላይጠቁር ይችላል።

ኦክስጅን እንደ ማንኛውም መድኃኒት ልክ አለው። በአንዳንድ የልብ ችግሮች ሲበዛ ወደ ሳንባ የሚሄደውን ደም ይጨምራል፣ ዳክተሱንም ያጠባል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ከ75 እስከ 85 ያዘዘለትን ሕፃን 98 ለማድረስ አንሽቀዳደም። ዳክተሱን ክፍት የሚያቆየው ፕሮስታግላንዲን በተገኘበት ቦታ፣ መድኃኒቱ ትንፋሽ ሊያቆም ስለሚችል አምቡ ባግ (በእጅ ትንፋሽ መስጫ ከረጢት) እና የሕፃን ማስክ ከአልጋው አይራቁ። መድኃኒቱ በደቂቃዎች ከደም ስለሚጠፋ መስመሩ ለአፍታም አይቋረጥ። በካኑላው መስመር ውስጥ የቀረች ትንሽ የአየር አረፋም በልብ ክፍተት በኩል ወደ አንጎል ልትሻገር ትችላለች።

ብዙ የምንሠራው ግን በአመጋገብ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሕፃን መጥባት ራሱ ያደክመዋል። ግንባሩን ካላበው፣ አተነፋፈሱ ሙሉ ደቂቃ ተቆጥሮ ከ60 ካለፈ፣ ወይም ጠባ አረፍ እያለ 30 ደቂቃ ከሞላው ይበቃል፤ የቀረው ታልቦ በኤንጂ ቲዩብ (በአፍንጫ ወደ ሆድ በሚገባ ቱቦ) ይሰጠው። አካሉን ከፍ አድርገን፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ክብደቱን በየቀኑ በአንድ ሚዛን፣ ራቁቱን፣ ከመመገቡ በፊት እንመዝን። በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም መጨመር ጥሩ ነው። በአንድ ቀን 100 ግራም ከዘለለ ግን ውሃ ይዞ ይሆናልና የዓይኑን ቆብና ጉበቱን እንይ። ዳይፐሩም ይመዘን፦ 1 ግራም እንደ 1 ሚሊ ሊትር ይቆጠራል። ሽንቱ በሰዓት በኪሎ ከ1 ሚሊ ሊትር ካነሰ ይነገር።

ጡት የተወ ሕፃን በአንዳንድ ቤት «እንጥሉ ወረደ» ተብሎ ለቆራጭ ይሰጣል። ለልብ ሕመምተኛ ይህ ደም መፍሰስ ብቻ አይደለም፤ ጀርም በደም አድርጎ ልብ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ይህንንና የላቡን፣ የትንፋሹን ምልክት ለእናትየዋም ለአያትየዋም፣ በሚሰሙት ቋንቋ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአፋን ኦሮሞ፣ እንንገራቸው።

በጥቁር አንበሳ ግቢ ወዳለው የልብ ማዕከል ለሚላክ ሕፃን መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደቂቃ 1 ሊትር የሚወስድ ሕፃን ለ8 ሰዓት 480 ሊትር ኦክስጅን ይፈልጋል፤ እጥፉን እንጫን። በሪፈር ወረቀቱ ላይ የእጁና የእግሩ ሙሌት ከነሰዓቱ፣ የመጨረሻው ምግብና ሽንት፣ መድኃኒቱ በሚሊ ግራም ይጻፍ። በእናቱ ደረት ላይ በካንጋሮ አያያዝ ይሂድ። ጊቤ በረሃ ሲወርዱ ሙቀቱ ይለካ፤ ከ37.5 ካለፈ የላዩ ብርድ ልብስ ይነሳለት፣ ዳገቱን ሲወጡ ተመልሶ ይልበስ።