«ያለ ነው» ማለት ይብቃ

የተከበራችሁ እናቶች፣ አዋላጅ ነርሶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ ወጌሾቻችንም፣ እንኳን ለጤናማ እናትነት ወር አደረሳችሁ።

ስለ ክትትል፣ ስለ ደም ማነስ፣ በጤና ተቋም ስለ መውለድ ከእኔ በፊት የተናገሩት በደንብ አድርገው ተናግረውታል። እኔ የመጣሁት ስለ ወገብ ላወራ ነው።

የደሴን ዳገት የማያውቅ እዚህ የለም። እርጉዝ ሴት ጀሪካን ይዛ ስትወጣው በየቀኑ እናያለን። ኮምቦልቻ ሜዳው ይሻላል ብንልም፣ ፋብሪካ ውስጥ ፈረቃውን ሙሉ ቆማ የምትውል እርጉዝ አለች። «ወገቤን» ስትል መልሱ አንድ ነው፤ «ያለ ነው፣ ስትወልጂ ይተውሻል።» አማቷ ትላታለች። ባሏም ይላታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ነጭ ጋዋን የለበስን እኛ ስንላት ነው!

በእርግዝና ጊዜ ሪላክሲን የሚባል ሆርሞን የዳሌን ጅማቶች ያላላል። ሆድ ወደ ፊት ሲገፋ ደግሞ ወገብ ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል። ከእርጉዞች ግማሽ ያህሉ ይህን ሕመም ያውቁታል። ታዲያ ብዙዎችን ስላመመ መታከም የለበትም ማለት ነው?

እህቴ የምትኖረው እንግሊዝ ነው። ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ሳለ አልጋ ላይ ለመገላበጥ ታለቅስ ነበር። ጓደኛዋ ኦስቲዮፓት ጋ ወሰደቻት። ኦስቲዮፓቲ አጥንትን፣ ጡንቻንና መገጣጠሚያን በእጅ የማከም ሙያ ነው። አሜሪካዊው አንድሪው ቴይለር ስቲል በ1874 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ1993 በወጣ ሕግ ይመራል፤ ያልተመዘገበ ሰው ኦስቲዮፓት ነኝ ማለት አይችልም።

ደውዬ «ኦስቲዮፓቷ ምን አደረገችሽ?» አልኳት። ስለ እጇ ትነግረኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ስለ ጥያቄዎቿ ነገረችኝ። በየትኛው ጎንሽ ትተኛለሽ? ደረጃ ስትወጪ የቱ ጋ ይወጋሻል? ትልቁን ልጅ በየት በኩል ታቅፊዋለሽ? ከዚያ በጎኗ አስተኛቻት፤ ጉልበቶቿ መሀል ትራስ አደረገችላት። «እዚህ ጋ ልንካሽ?» ብላ አስፈቅዳ ወገቧንና ዳሌዋን ቀስ እያለች ሠራችላት። ሆዷን አልተጫነችም። ከአልጋ ስትነሣ ጉልበቷን ገጥማ በጎኗ እንድትነሣ አሳየቻት። ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ መተኛት ግን ቻለች። «ካረገዝኩ ጀምሮ ሰው ሁሉ ስለ ሆዴ ነው የሚጠይቀኝ፤ ስለ እኔ የጠየቀችኝ እሷ ነች» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን እዚሁ ያለች ጎረቤታችን ለክትትል ሄደች። የትኛው ተቋም እንደሆነ አልናገርም። ግፊቷ ተለካ፣ የልጁ ልብ ምት ተደመጠ። «ወገቤን» ስትል «ያለ ነው» ተባለች። ከዚያ ወጥታ ሆድ የሚያሽ ሰው ጋ ሄደች። ሌሊት ደም ፈሰሳት። ማርያምም ፋጡማም ተጠሩ። በባጃጅ ተጭና ደረሰች፤ እሷም ልጇም ተረፉ። ግን ማን ነው እዚያ የላካት? በሁለት ቃል ያሰናበታት የእኛው ሙያ ነው!

አሜሪካ ውስጥ 400 እርጉዞች የተሳተፉበት ጥናት በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በመጨረሻዎቹ ወራት በእጅ የታከሙት፣ መደበኛ ክትትል ብቻ ካገኙት ይልቅ ሕመማቸው ቀለል ብሏል። ለይስሙላ የአልትራሳውንድ ሕክምና የተደረገላቸው ግን በእጅ ከታከሙት ብዙም አልተለዩም። ስለዚህ ከውጭ ኦስቲዮፓት ይምጣልን አልልም። ጊዜ ሰጥቶ መጠየቅና ማየት ግን ለእርጉዟ ጥቅም አለው፤ ይህን ደግሞ እኛም እንችላለን።

የዓለም ጤና ድርጅት ለወገብና ለዳሌ ሕመም እንቅስቃሴን፣ ፊዚዮቴራፒንና የድጋፍ ቀበቶን ይመክራል። ፊዚዮቴራፒስት ያለበት ሆስፒታል እርጉዞች ይላኩለት። በክትትል ካርዱ ላይ ስለ ወገብ የሚጠይቅ አንድ መስመር ይግባ።

ወጌሾቻችን፣ በወለምታ እጃችሁን እናከብራለን። የእርጉዝ ሆድ ግን አትሹ፤ የእንግዴ ልጅ ያለ ጊዜው ሊላቀቅ ይችላል። ከወገብ ሕመሙ ጋር ደም፣ ፈሳሽ፣ ትኩሳት ወይም እየመጣ የሚሄድ ቁርጠት ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ላኳት።

አባወራዎች፣ ጀሪካኑን ተቀበሏት።

ከሻይ በኋላ እዚሁ አዳራሽ ምንጣፍ ይነጠፋል። ለወገብ የሚረዱ እንቅስቃሴዎችን እናሳያለን። እርጉዞች ከፊት ሁኑ፤ የሚያማችሁን ሁሉ ጠይቁን። ማርያም በሽልም ታውጣችሁ፤ አላህ በሰላም ያገላግላችሁ። አመሰግናለሁ።