በየትኛው ሀ?

እሱ፦ እንኳን በሰላም መጣችሁ! የዛሬው ወሬያችን የፋይል ስም ነው። ኮምፒውተር እንቢ ስለሚላቸው ምልክቶች።

እሷ፦ ቡና ሳይፈላ?

እሱ፦ ቶናው ላይ ነን እኮ! እና... የእድራችን ጸሐፊ እኔ ነኝ።

እሷ፦ በየሳምንቱ ትነግረናለህ። (ሳቅ)

እሱ፦ ስሚኝ። ባለፈው እሁድ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ሰው ሁሉ በርጩማው ላይ ተኮልኩሏል። ሰብሳቢያችን ጋሼ «የሐምሌን መዋጮ አንብብ» አሉኝ። ላፕቶፔ ላይ «ሀምሌ» ብዬ ፈለግኩ። የለም! ደግሜ ፈለግኩ። የለም! ጋሼ ብሩን የበላሁት ይመስል ያዩኛል።

እሷ፦ ውይ!

እሱ፦ ለካ ያስቀመጥኩት በሐመሩ ሐ ነው። እኔ የምፈልገው በሀሌታው ሀ። ለኛ አንድ ድምፅ ነው። ለላፕቶፔ ግን ሀ እና ሐ፣ እንደ ሀ እና መ ናቸው።

እሷ፦ ይሄ ታዲያ የምልክት ችግር ነው? የፊደል ነው እንጂ።

እሱ፦ መጣሁ፣ መጣሁ። መጀመሪያ ስሙን «መዋጮ 30/11/2016» ልል ነበር። ዊንዶውስ እንቢ አለ። ስላሽ ፎልደርን ከፎልደር መለያ ነዋ! ኮከብ፣ ጥያቄ ምልክት፣ ኮሎን... እንዲህ ዘጠኝ ምልክት ይከለክላል።

እሷ፦ ሁለት ነጥብስ?

እሱ፦ የኛዋ «፡» ታልፋለች! የፈረንጁ ኮሎን አያልፍም። ለዓይን መንታ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ባዳ።

እሷ፦ እኔ ደግሞ አንዴ እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት፣ የታመቀ ዚፕ ፋይል ስፈታ፣ የአማርኛው ስም ሁሉ ተበላሽቶ...

እሱ፦ እሱን ተይው፣ የጋሼን ልጨርስ! ስሙን ራሳቸው ያውጡት ብዬ ሰጠኋቸው። የሰፈሩን ታሪክ በሙሉ ጻፉበት። ፋይሉን ወደ እህቴ ልጅ ላፕቶፕ ልገለብጠው ስል፣ የሱ በዊንዶውስ ፈንታ በሊኑክስ ነው የሚሠራው፣ አልቀበልም አለ። እዚያ ለአንድ ስም የተፈቀደው 255 ባይት ነው፤ ባይት የኮምፒውተር የቦታ መለኪያ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ይበላል። 85 ፊደል ላይ አለቀ።

እሷ፦ እና ምን ይሻላል?

እሱ፦ በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ። አጭር፣ ክፍተት የሌለው።

እሷ፦ አልስማማም! ያኔ ጋሼ እንዴት ያገኙታል?

እሱ፦ አሁንስ መቼ አገኙት?

እሷ፦ አንተ ነህ ያላገኘኸው! በአማርኛ፣ ግን አንድ ሀ ይዞ መጽናት ነው።

እሱ፦ የትኛውን?

እሷ፦ ...እሱን እድሩ ይወስን። (ሳቅ) የዛሬውን የድምፅ ቅጂ ምን ብለህ ልታስቀምጠው ነው?

እሱ፦ «ጅማ»።

እሷ፦ በየትኛው ጅ?

እሱ፦ ደግነቱ ጅ አንድ ናት።