ከመፈረማችሁ በፊት ካርታውን ክፈቱ
በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የእድራችን ሊቀመንበርና የኮሚቴ አባላት፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

ኮሚቴው ስለ ቤት ግዢና ሽያጭ እንድናገር ጠይቆኛል። ወለዱን፣ ክሬዲቱን፣ ዳውን ፔይመንቱን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ታክሲ እየነዳ፣ ፓርኪንግ እየሠራ፣ ሆስፒታል ሌሊት እያደረ ቤት የገዛ ሞልቷል። ስለዚህ የመጣሁት አንድ ነገር ይዤ ነው። የየቤታችንን መሬት፣ ወሰኑን፣ ግምቱን፣ የጎርፍ ስጋቱን ሳይቀር የሚያሳይ ካርታ ኢንተርኔት ላይ አለ። ነፃ ነው። የተሠራው እኛ በምንከፍለው ታክስ ነው። እኛ ግን አንከፍተውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የፕላን መሥሪያ ቤት ኤምሲ አትላስ የሚባል ካርታ አለው። ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የምትኖሩ ደግሞ ፒጂ አትላስ አለላችሁ። አድራሻውን ስትጽፉ የግቢው ወሰን በመስመር ተከልሎ ይመጣል። ከዚያ የምትፈልጉትን እየጨመራችሁ ታያላችሁ። ከአየር የተነሳ ፎቶ አለ። መሬቱ ላይ ምን መሥራት እንደሚፈቀድ የሚያሳይ አለ። ጅረቱ በየት በኩል እንደሚያልፍ አለ። የቤቱን ታሪክ ደግሞ የስቴቱ የንብረት ግምትና የታክስ መሥሪያ ቤት፣ ኤስዳት የምንለው፣ በነፃ ያሳያል። ቤቱ መቼ ተሠራ? መጨረሻ ላይ በስንት ተሸጠ? መሬቱ ለብቻ፣ ቤቱ ለብቻ ስንት ተገመተ? ሁሉም ተጽፏል። ክፍያ የለውም። ግሪን ካርድህን አሳይ የሚልም የለም።

አሁን ሆዴን ወደሚያቃጥለኝ ነገር ልምጣ።

ከመካከላችን አንድ ባልና ሚስት ቤት ገዙ። እንድናገር ፈቅደውልኛል፣ ስማቸውን ግን አልጠራም። ቤቱ ያምራል። ጓሮው ሰፊ ነው፣ ወደ ታች እያዘቀዘቀ ሄዶ ትንሽ ጅረት ላይ ያበቃል። እሷ ገና በመጀመሪያው ዓመት ጎመን፣ በሶብላና ጤና አዳም ተከለች። እኛም ቤት ለመመረቅ ሄደን በልተን ጠጥተን መርቀን ተመለስን። ቤቱን ያገዛቸው ኤጀንት የኛው ሰው ነው። በሰርግም በክርስትናም የምናገኘው። «አይዞአችሁ፣ ሁሉንም ለኔ ተዉት» አላቸው። ተዉለት።

ቀጥሎ እናቷ ከአገር ቤት መጡ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ አይሆንላቸውም። ቤዝመንቱ፣ ማለትም ምድር ቤቱ፣ በጓሮ በኩል ደረጃ የሌለው መግቢያ አለው። እዚያ አልጋ ዘረጉላቸው፣ ምንጣፍ አነጠፉላቸው፣ የጸሎት ቦታ አበጁላቸው። እማማም በሩን ከፍተው ወጥተው ጎመኑን እያረሙ ይውሉ ነበር።

አንድ የሰመር ሌሊት ያ ዝናብ መጣ። ታስታውሱታላችሁ። እማማ ሽንት ቤት ሊሄዱ እግራቸውን ከአልጋ ሲያወርዱ ውሃ ውስጥ አረፈ። መጀመሪያ ቧንቧ የፈነዳ መስሏቸው ነበር። በጨለማ ማብሪያውን ሲፈልጉ ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን አለፈ። ልጃቸውን ተጣሩ፣ የዝናቡ ድምፅ ዋጠው። አማቻቸው የሰማቸው በአጋጣሚ ነው፣ ለሥራ ሊወጣ ተነስቶ ነበር። ሲወርድ ውሃው ጉልበት ደርሷል። አዝሎ አወጣቸው። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሌላ ነገር ነበር።

ከአገር ቤት ይዘዋት የመጡት የሟች ባለቤታቸው ፎቶ ሄደ። ልብሱ፣ ማሞቂያው፣ ግድግዳው ሁሉ ሄደ። በማግስቱ ብዙዎቻችሁ ቡትስ አድርጋችሁ መጥታችሁ ጭቃ ስትጠርጉ አይቻለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልን። ሰኞ ዕለት ኢንሹራንሱ ጋ ተደወለ። መልሱ አጭር ነበር። ተራው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም። የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው የሚገዛ ነው። ከ1968 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥቱ ለዚሁ ያቋቋመው ፕሮግራም አለ። ዝናብ ሲያጉረመርም ሮጦ የሚገዛ ነገርም አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው።

ታዲያ ባንኩ ለምን ዝም አለ? ባንክ የሚያየው የቤቱን ሕንፃ ነው። ሕንፃው ራሱ በፌማ፣ በፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት፣ የጎርፍ ካርታ ላይ ከአደገኛው ወሰን ውጭ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የጎርፍ ኢንሹራንስ አያስገድድም። ሻጩስ? የሜሪላንድ ሕግ ለሻጭ ሁለት መንገድ ይሰጠዋል። ወይ የቤቱን ሁኔታ በፎርም ይዘረዝራል፣ ወይ የሚያውቀውን የተደበቀ አደገኛ ጉድለት ብቻ ተናግሮ «እንዳለ ውሰዱት» ይላል። ይሄኛው ሻጭ ሁለተኛውን መረጠ። ቤቱን የመረመረው ሰው የሄደው በደረቅ ቀን ነው። ሁሉም የየራሱን ፈርሞ ሄደ።

እኔ ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተር ከፍቼ አድራሻውን ጻፍኩ። የጎርፉን መረጃ ካርታው ላይ ጨመርኩ። ቀለሙ ከጅረቱ ተነስቶ ጓሮውን ሸፍኖ፣ ጎመኑን አልፎ፣ የእማማ በር አጠገብ ደርሶ ቆመ። የመሬቱን ከፍታ የሚያሳዩትን መስመሮች ስንጨምር ደግሞ የመንገዱ ውሃ በሙሉ ወደነሱ ግቢ እንደሚወርድ ታየ። ያን ለማየት ሁለት ደቂቃም አልፈጀም። እህታችን «ይሄ ከመግዛታችን በፊትም ነበር?» አለች። ነበር። የትኛውም ሰው ከስልኩ ላይ ሊያየው ይችል ነበር።

ኤጀንቱን ጠየቁት። «አልጠየቃችሁኝም» አላቸው።

አልጠየቃችሁኝም! የሰው የዕድሜ ልክ ላብ ይዞ፣ ኮሚሽኑን ቆጥሮ ተቀብሎ፣ አልጠየቃችሁኝም! እዚህ የተቀመጣችሁ ኤጀንቶች፣ ከመካከላችሁ ሥራውን በሐቅ የሚሠራ እንዳለ አውቃለሁ፣ አከብራለሁ። ግን ልጠይቃችሁ። ሰው አድራሻ ሲልክላችሁ ካርታውን ከፍታችሁ «ይኸው ወሰኑ፣ ይኸው ጅረቱ፣ ይኸው ባለፈው የተሸጠበት» ማለት ምን ያስከፍላችኋል? በወገንነታችሁ ሥራውን ካገኛችሁት፣ በወገንነታችሁ ሥሩት።

ለገዢውም የምለው አለኝ። እኛን የሚበላን ይሉኝታ ነው። «ካርታውን ብከፍት የተጠራጠርኩት ይመስለዋል» ትላላችሁ። ይምሰለው! ለ30 ዓመት ዕዳ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ፣ እሱ አይደለም። የሚቀየም ካለ ዛሬ ይቀየም። ለአንድ ኪሎ ቡና ሦስት ሱቅ ዞረን የምንከራከር ሰዎች፣ ለግማሽ ሚሊዮን ዶላር ቤት አንድ አድራሻ መጻፍ ሊያሳፍረን አይገባም።

ደግሞ «አደገኛ» የሚለውን ቃል ካርታው ላይ ስታዩ ቁጥሩ አያታልላችሁ። በአንድ ዓመት 1 በመቶ የመጥለቅለቅ ዕድል ያለበት ቦታ ማለት ነው። 1 በመቶ ትንሽ ይመስላል። በ30 ዓመት ሞርጌጅ ውስጥ ግን ቢያንስ አንዴ የመጥለቅለቅ ዕድሉ 26 በመቶ ይደርሳል። ኤሊኮት ሲቲ ከዚህ ሩቅ አይደለም። በ2016 ጎርፍ ዋናውን መንገድ ጠራርጎ ወሰደው። በሺህ ዓመት አንዴ የሚመጣ ዝናብ ነው ተባለ። በ2018 ተመልሶ መጣ። ከቀለሙ ውጭ ነኝ ብሎ መተኛትም አይገባም፣ ቦታው ዝቅ ያለ ከሆነ ከባድ ዝናብ የካርታ ወሰን አይጠብቅም። የመሬቱን ከፍታ እዩ የምለው ለዚህ ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው፣ ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው።

ታክስ። ሜሪላንድ ቤታችሁን በየሦስት ዓመቱ ትገምታለች። የግምቱ ደብዳቤ የሚመጣው በፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ነው። በዛብኝ ካላችሁ ይግባኝ የምትሉት ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን አንስቶ በ45 ቀን ውስጥ ነው። የጎረቤቶቻችሁን ግምትና የተሸጡበትን ዋጋ ከካርታውና ከኤስዳት አውጥታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ባዶ እጅ ይዞ መጮህ ዋጋ የለውም።

ሆምስቴድ ክሬዲት። በምትኖሩበት ቤት ላይ ለስቴት ታክስ የሚታሰበው ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ይገታል፣ ለካውንቲ ታክስም የየካውንቲው ጣሪያ አለ። ማመልከቻው የሚሞላው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኤስዳት ላይ የቤታችሁን ገጽ እስከ ታች ውረዱ። ማመልከቻ ገብቷል ወይስ አልገባም የሚለው እዚያ ተጽፏል። ማመልከቻውን ያላስገባችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ እንሞላለን።

በፖስታ የሚመጡት ደብዳቤዎች። የመንግሥት የሚመስል ማኅተም ለጥፈው «የቤትዎን ዲድ (የባለቤትነት ሰነድ) ቅጂ ይግዙ» የሚሉ አሉ። አትክፈሉ። የስቴቱ የመሬት መዝገብ፣ ኤምዲ ላንድሬክ፣ ተመዝግቦ ለገባ ሰው በነፃ ያሳያል። «ቤትዎን በካሽ ልግዛዎ» የሚሉም አሉ። እነሱ ካርታውን ከፍተው ነው የሚጽፉላችሁ። በተለይ ብቻችሁን የምትኖሩ እናቶቻችን፣ በመንገዳችሁ ላይ ያለው ቤት በስንት እንደተሸጠ ሳታዩ ምንም ነገር እንዳትፈርሙ። ልጅ ካልተመቸው እኔ ጋ ደውሉ።

አጥር። ካርታው ላይ ያለው የወሰን መስመር የቅየሳ ሰነድ አይደለም። ትንሽ ሊዛነፍ ይችላል። ከጎረቤት ጋር ክርክር ካለ፣ ወይም አጥር ልታጥሩ ከሆነ፣ ፈቃድ ያለው ሰርቬየር፣ የመሬት ቀያሽ፣ ያስፈልጋል። ካርታው የሚጠቅመው ሰርቬየር መጥራት እንዳለባችሁና እንደሌለባችሁ ለማወቅ ነው።

ከምሳ በኋላ ወጣቶቻችን ኮምፒውተር ይዘው በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። አድራሻችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የባንክ ወረቀት አታምጡ፣ የሚጠይቃችሁም የለም። ቤት ልትገዙ ያያችሁት ካለ የእሱንም አድራሻ አምጡ። ቨርጂኒያና ዲሲ የምትኖሩ፣ የናንተም መንግሥት የራሱ ካርታ አለው፣ ልጆቹ ያሳዩአችኋል። ኤጀንቶቻችንም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ብትቀመጡልን ደስ ይለናል፣ ወንበር አስቀምጠንላችኋል።

አመሰግናለሁ።