ነዳጅ ሲወጣ ኪራይም ይወጣል

እናቶች፣ አባቶች፣ የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ! ሰብሳቢው የሰጡኝ ጊዜ አጭር ነው፣ በቀጥታ ልግባ።

ሶማሌ ክልል፣ ካሉብ ላይ ጋዝ ተመረተ ከተባለ ወዲህ ወሬያችን ሁሉ «አለፈልን» ሆኗል። ደስ ይላል፣ እኔንም ደስ ብሎኛል። ግን ከእኛ ቀድሞ ነዳጅ የወጣላቸው ገበሬዎች እንዴት ሆኑ?

አሜሪካ ውስጥ ስንዴ አምራች የሆነ ሰሜን ዳኮታ የሚባል ግዛት አለ። እዚያ ያለችው ዊሊስተን በፈረንጆቹ 2010 ሕዝቧ 15 ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር፤ በ2020 ከ29 ሺህ አለፈ። የነዳጁ ሥራ ከየአቅጣጫው ሰው ጠራ። መኪና ውስጥ የሚያድር ሠራተኛ ነበር፣ ደሞዝ አንሶት ሳይሆን ቤት ጠፍቶ! በ2014 የወጣ አንድ ጥናት ኪራይዋን ከኒውዮርክም በላይ አስቀምጦታል። ጡረተኛውና አስተማሪው፣ ከነዳጁ ሳንቲም የማይደርሳቸው፣ ያንኑ ኪራይ ክፈሉ ተባሉ። ይሄንን ለዚህ ሰፈር ተከራይ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

ገበሬውስ? እዚያ አገር የማሳውና ከሥሩ ያለው ማዕድን ባለቤት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ማዕድኑም የእሱ የሆነ ገበሬ ከሚወጣው ነዳጅ ድርሻ ይቆረጥለታል፣ ቁጭ ብሎ ይበላል። አፈሩ ብቻ የእሱ የሆነው ግን የሚተርፈው የጉዳት ካሳና የቦቴ አቧራ ነው። እኛ ጋ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬቱም የተፈጥሮ ሀብቱም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ለአካባቢው ሰው በሕግ የተጻፈለት ስንት ነው የሚለው ነው። ጎረቤታችን ኬንያ፣ ቱርካና ላይ፣ በ2018 ሰዎች መንገድ ዘግተው የድፍድፍ ነዳጅ ቦቴዎችን አስቁመው ነበር። በ2019 የወጣው የነዳጅ ሕግ ከመንግሥት ድርሻ ለአካባቢው ማኅበረሰብ 5 በመቶ፣ ለካውንቲው፣ ማለትም ለአካባቢው አስተዳደር፣ 20 በመቶ መደበ። ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል፤ ቢያንስ ተጽፏል።

ደግሞ ዋጋ ይወድቃል። በ2014 አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው በርሜል በ2016 መጀመሪያ ከ30 በታች ወረደ፣ ዊሊስተን ውስጥም ሰው ይመጣል ተብሎ የተሠራ ቤት ተከራይ አጣ። የሰሜን ዳኮታ ሰዎች ብልህነት ገና በ2010፣ ገንዘቡ መጉረፍ ሲጀምር፣ ከነዳጅ ግብሩ 30 በመቶው እንዲጠራቀም ድምፅ መስጠታቸው ነው። የእርሻ ካሳውን በአንድ ዓመት የጨረሰ ሰው እዚህ መካከላችን ስላለ፣ ስም ሳልጠራ ልለፈው።

አሁን ካሉብ አካባቢ፣ ቀብሪ ደሃር ወይም ሺላቦ፣ ዘመድ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ደውሉና የአንድ ክፍል ኪራይ ስንት እንደገባ ጠይቁልኝ። ስለ ጋዙ ከዚያ በኋላ እናወራለን።