ከ26 ወደ 28

እሺ... እየተቀዳ ነው? እየተቀዳ ነው። ሰላም ናችሁ። አዎ፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ነኝ። አዎ፣ የክረምቱ ካፖርት አሁንም ፊቴ ላይ ነው። ቡቺም ከጎረቤት ሰላም ብላችኋለች፤ ዛሬ ገና ሳልጀምር ነው የቀደመችኝ።

ለዛሬ የያዝኩት ሌላ ነበር። የኮንዶሚኒየሙን ስብሰባ ክፍል ሁለት ቃል ገብቼላችሁ ነበር፣ ይቆይ። ሊቀመንበሩ የትም አይሄዱም። ቅዳሜ የትምህርት ቤታችን የድሮ ተማሪዎች ቀን ነበር፣ እና ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳ... አይ፣ ውሸት ነው፣ በደንብ ነው የምተኛው። ግን ጠዋት ስነቃ ቀድሞኝ ተነስቶ ይጠብቀኛል።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ታውቁታላችሁ። የወንድሞች ትምህርት ቤት በሉት። ብራዘሮቹ፣ ካቶሊክ ሆነው ቄስ ያልሆኑት። ይህንን ነገር እናቴ እስከ ዛሬ አልተቀበለችውም። ልታስመዘግበኝ የወሰደችኝ ቀን ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ መስቀል ልትሳለም ትጠብቃለች፤ ብራዘር ደግሞ ለሰላምታ እጁን ዘርግቷል። ምን ታድርግ፣ እጁን ሳመችው። ወደ ቤት ስንመለስ «መስቀል የማይዝ አባ ምን ዓይነት አባ ነው?» አለችኝ። አባ አይደለም እማዬ፣ ወንድም ነው። «የማን ወንድም?» በቃ፣ እስክጨርስ ድረስ ቤታችን ውስጥ ስማቸው እሱ ሆኖ ቀረ። «የማን ወንድሞች ዛሬ አስተማሩህ ወይስ ዘጉ?»

ብቻ... 27።

27 ቁጥር ነው፣ ሮል ነምበር። ስሙንም አልጠራም። እኔ 26 ነበርኩ፣ እሱ 27፣ ስማችን በአንድ ፊደል ስለሚጀምር። ስምንት ዓመት ከኋላዬ ተቀምጧል። ከክፍሉ ሦስት ሙስሊሞች ነበሩ፣ አንዱ እሱ ነው። እኛ ብዙዎቻችን ኦርቶዶክሶች ነን፣ ካቶሊኮቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ይሄ የሚገርመው ካለ የካቶሊክ ትምህርት ቤት አልተማረም ማለት ነው።

ጠዋት ጠዋት ክፍል እንደገባን ጸሎት አለ። አንድ ልጅ ይነሳና «ሌት አስ ሪሜምበር ዛት ዊ አር ኢን ዘ ሆሊ ፕሬዘንስ ኦፍ ጎድ» ይላል። በእግዚአብሔር ፊት እንዳለን እናስታውስ ነው በቃ። ከዚያ ዝምታ። ሃምሳ ጎረምሳ ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዴስኩ ሲንቋቋ ይሰማል። ከዚያ ልጁ ቅዱሱን ይጠራል፣ «ፕሬይ ፎር አስ» እንላለን። መጨረሻ ላይ «ሊቭ ጂሰስ ኢን አወር ኸርትስ»፤ ሁላችንም ባንድ ድምፅ «ፎርኤቨር!» «ፎርኤቨር» ስንል ግን ለጂሰስ ሳይሆን ለኳስ የምንጮህ ነበር የሚመስለው። ከሌላ ክፍል በላይ መጮህ ነበረብና። ስለ ትምህርት ቤት ፍቅር ስጠየቅ ትዝ የሚለኝ እሱ ጩኸት ነው፤ መዝሙሩን እንኳ ሁለተኛውን አንጓ አልችለውም።

ይህ ጸሎት የመጣው ከራሳቸው ከመሥራቹ ነው። ደ ላ ሳል፣ ፈረንሳዊ፣ በ1651 ሬምስ የሚባል ከተማ የተወለደ። የሀብታም ልጅ ነው፣ የካቴድራል ሹመት ነበረው። ሹመቱን ተወ፣ ረሃብ ሲገባ ሀብቱን ለድሃ አከፋፈለና ከመምህራኑ ጋር እኩል ደሃ ሆነ። በእሱ ትምህርት ቤቶች በየግማሽ ሰዓቱ ሥራ ይቆምና «በእግዚአብሔር ፊት ነን» ይባል ነበር። እኛ በቀን አንዴም ሰልችቶን ነበር። ሌላው ነገር ደግሞ፣ ያን ጊዜ ልጅ ማንበብ የሚጀምረው በላቲን ነበር፤ ሰውዬው ግን የድሃ ልጅ በሚናገረው ቋንቋ፣ በፈረንሳይኛ ይጀምር አለ። ይህን ያወቅኩት ከተመረቅኩ በኋላ ነው። እኛ ግቢ ውስጥ አማርኛ ያወራ ስሙ ይጻፋል። ጸሐፊው ማን ነበር? እኔ! የክፍል አለቃ ነበርኩ እኮ። ያንን ሰውዬ እያከበርን፣ በስሙ እየጸለይን፣ አማርኛ የሚያወራ እጽፍ ነበር። ስንት ሰው ጽፌአለሁ... ይቅርታ እያልኩ ነው፣ ባልታወቀ ዝርዝር ውስጥ ያላችሁ ሁሉ።

አለቃ ስለነበርኩ ደግሞ የጸሎቱን ተራ የምጠራው እኔ ነበርኩ። በሮል ነምበር። በቀን አንድ ሰው። 24፣ 25፣ እኔ 26፣ በማግስቱ... 28።

በቃ ይሄው ነው ነገሩ። ከ26 ወደ 28።

ማንም አላዘዘኝም። ማንም አልጠየቀኝም። ለሁለቱ ሙስሊሞችም እንደዚያው ነበር፣ ዘለልኳቸው። ብራዘርም ምንም አላለ፤ ወይ አልቆጠረም፣ ወይ ልክ ነው ብሎ ነው። እኔ እንኳን ልክ ነው ብዬ ነበር። በሆዴ «አይ አንተ ጨዋ ልጅ» እያልኩ።

ቅዳሜ ነው እንግዲህ። ሜዳው ዳር ቆመናል፣ የፕላስቲክ ኩባያ ሻይ ይዘን፣ ኩባያው ያቃጥላል፣ ከእጅ እጅ እያቀያየርን። የባቾቹን ኳስ እያየን። ሆዳችን እንዴት እንደገፋ እየተሳሳቅን። እና እሱ ሜዳውን እያየ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «አንተ ግን ያኔ ለምንድን ነው የዘለልከኝ?» አለኝ።

መጀመሪያ ኳስ መሰለኝ። እውነቴን ነው። ኳስ ሳልሰጠው የቀረሁበት ቀን አለ ብዬ አስብ ጀመር። «የቱን?» አልኩት። «ጸሎቱን።»

እየሳቀ ነው ደግሞ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ለአንተ ብዬ ነው እኮ» አልኩት። «ለእኔ?» «እንዳትጨነቅ ብዬ ነዋ።» ሻዩን ወደ ሌላው እጁ አዞረ። «ጠይቀኸኝ ነበር?»

...

አልጠየቅኩትም። ስምንት ዓመት ከኋላዬ፣ አንገቴ ላይ የሚተነፍስ ልጅ፣ ዞር ማለት ነበር የሚያስፈልገው።

«ተለማምጄ ነበር» አለኝ። አንደኛው ጊዜ ሲያልፈው ስህተት መስሎት ነበር። ለሁለተኛው ተዘጋጀ። እናቱ ፊት ቆሞ አለው። የመጀመሪያዋን አረፍተ ነገር ተርጉሞ ነገራት፣ «አላህ ፊት አይደለንም እንዴ ታዲያ? ይቺንማ በል» አለችው። ዝምታውንም እሱ ይመራል፣ ከዚያ ጂሰስ ያለበትን 28 ተነስቶ ሊጨርስለት ተነጋግረዋል። ጨርሰውታል ጉዳዩን! ሁለት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች አንድ ጉባኤ የማይፈታውን ነገር ዴስክ ላይ ተደግፈው ፈትተውታል። እና ጠዋት ላይ እኔ ተነስቼ «28» አልኩ። 28 ደግሞ ተነሳና ሁሉንም ራሱ አለው። እሱም ምንም አላለም። 28 አሁን ዲሲ ነው፣ የምትሰማኝ ከሆነ... አይ፣ አንተንም እንደ እኔ አሳፍሮህ ይሆናል።

ያ ሳምንት የትኛው እንደነበር ሳይቀር ያውቀዋል። የመሥራቹ ቀን ሳምንት፣ ግንቦት 7። ግንቦት 7 ስል ሌላ ነገር የመጣባችሁ ሳቁ፣ ፈቅጄላችኋለሁ። ደ ላ ሳልን የመምህራን ሁሉ ጠባቂ ብለው የሰየሙት በፈረንጆቹ ሜይ 15፣ 1950 ነው፣ ሜይ 15 ደግሞ የእኛ ግንቦት 7 ናት። በ1997 ምርጫው እላዩ ላይ ወደቀበትና፣ እሑድ፣ እኛ ዓርቡን ቀድመን አከበርን። አራት ለአንድ ተሸነፍን። እኔ የማስታውሰው አራት ለአንዱን ነው። እሱ የሚያስታውሰው «28»ን።

ሌላም ነገር አለ ከዚያ ሳምንት፣ ማታ መኝታዬ ላይ ነው የመጣልኝ። ምሳ ዕቃ። ሥጋችን ስለማይገናኝ ከእኛ ጋር የሚበላው በጾም ቀን ነበር። ረቡዕና ዓርብ ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፣ ክዳኑ ሁሉ ይከፈታል፣ እጅ ሁሉ ይገባል። የእናቱን ድንች ወጥ ለማግኘት ሰው ይጋፋ ነበር። ሁዳዴ ሲገባማ የእሱ ወቅት ነው፣ ሃምሳ አምስት ቀን አብሮን ነው። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። ሃምሳው ረቡዕ ዓርብ የለውም፣ እኛ ዶሮ ይዘን እንመጣለን፣ እሱ ምሳ ዕቃውን ይዞ ወደ ሁለቱ ልጆች ይሄዳል። ያ ሳምንት ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ምሳ ላይ የለም፣ ጠዋት ላይ ደግሞ እኔ ዘለልኩት። አንዱን ቀኖና ነው ያደረገው። ሌላውን እኔ።

ወይም እያካበድኩት ነው። ባለቤቴ «እያካበድከው ነው» ብላለች።

ታውቃላችሁ ምን ትዝ አለኝ? ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት። በፈረንጆቹ 1945 ንጉሡ የካናዳ ኢየሱሳውያንን፣ ጀስዊት የሚባሉትን ካቶሊኮች፣ አምጥተው ሰጧቸው። ኢየሱሳውያን! ፋሲል ያባረሯቸውን! በሱስንዮስ ዘመን አገር የታመሰበትን ነገር ማን ይረሳል። ስለዚህ ከረባት አሰሩ። ቀሚስ የለም፣ ስብከት የለም፣ እንደ ማንኛውም ፈረንጅ አስተማሪ። አለቃቸው ሉሲየን ማት የሚባለው በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ይህን ታሪክ ሁልጊዜ ሳወራ ጨዋነት ነው እላለሁ፣ ስለ እምነትህ ዝም ብለህ የሰው ልጅ ማስተማር። አሁን ግን እያሰብኩ... እነሱ ዝም ያሉት ስለ ራሳቸው ነው። ራሳቸው ናቸው ከረባቱን ያሰሩት። እኔ ለሰው ነው ያሰርኩለት። አንድ ነው? አይደለም መሰለኝ። አላውቅም፣ ንጽጽሩም ራሱ ትንሽ ትልቅ ነው ለእኔ።

ደግሞ ሌላ በኩል አለ። ባልዘለውስ? ተነስቶ ቢናገርና አንዱ ቢስቅ? ሳቂ አይጠፋም ነበር እኮ። ወይ አንድ ወላጅ መጥቶ «ልጃችሁን ምን እያስባላችሁት ነው» ቢል? እውነቴን ነው፣ ይሄ ሁሉ ያኔ በጭንቅላቴ... አይ። አልነበረም። አሁን ነው የፈጠርኩት። ያኔ የነበረው ከ26 ቀጥሎ 28 ይቀላል የሚል ብቻ ነው።

ከዚያ ፎቶ ተባለ፣ ሄደ። ልመልስለት አፌን ከፍቼ ነበር፣ ምን ልል እንደነበር አላውቅም። መጨረሻ ላይ ብራዘር፣ አርጅቷል፣ ማይኩን ያዘና «ሊቭ ጂሰስ ኢን አወር ኸርትስ» አለ። ሁለት መቶ መላጣ በአንድ ጊዜ «ፎርኤቨር!» እንደ ድሮው። እኔ አላልኩም። ከንፈሩን እያየሁ ነበር። የ27ን። ፊት ለፊቱ ያለው ሰውዬ ኮፍያ አድርጎ... ግማሹን ነው ያየሁት። እየሳቀ ነበር፣ ወይ እያለው ነበር።

ቡቺ! በቃ እንጂ!

...ይቅርታ። ልደውልለት ነው። ማለቴ ቁጥሩን ተቀብያለሁ። ይቅርታ ብዬ ልጀምር ወይስ... በሃያ ዓመቱ ስለ ጸሎት ይቅርታ ሲባል ራሱ ይጨነቃል፣ መልሶ ለእኔ ማሰብ ሊጀምር ነው። ምሳ ልበለው። ምሳ ይሻላል። ሽሮ ቤት፣ ረቡዕ። አዎ፣ ረቡዕ ብዬ...

ቆይ። አሁንም ሃምሳው ነው እንዴ?