ዴሜኮ ራያንስ፦ ሜዳ ላይ ሳለ የጀመረው አሰልጣኝነት

[ምስል፦ ተከላካዮች ከኳርተርባኩ ፊት ለፊት ተሰልፈው]

በአሜሪካን ፉትቦል ማጥቃቱን የሚመራውን ኳርተርባኩን ሁሉም ያውቀዋል። ዛሬ የማወራችሁ ግን ፊት ለፊቱ ስለሚቆመው ሰው ነው። ሚድል ላይንባከር ይባላል፤ የመከላከሉ መሃል ላይ ቆሞ እየጮኸ ጓደኞቹን ቦታ የሚያስይዘው እሱ ነው። የአሜሪካን ፉትቦል ትልቁ ሊግ ኤንኤፍኤል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አንድ ተከላካይ ሄልሜቱ ውስጥ ሬዲዮ እንዲገጠምለት ፈቅዷል፣ ብዙ ጊዜ ለዚሁ ላይንባከር ይሰጣል፣ አሰልጣኙም ትእዛዙን በዚያ ያስተላልፍለታል። ኳሱን ለማስጀመር የሚቆጥረው ሰዓት 15 ሰከንድ ሲቀረው ግን ሬዲዮው ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ተጋጣሚ አሰላለፉን ቢቀያይር መላ መፍጠር ያለበት ራሱ ነው። እኔ ይሄን ግማሽ አሰልጣኝነት ነው የምለው። ዴሜኮ ራያንስን እዩት።

[ምስል፦ ራያንስ በቴክሳንስ ማልያ]

የአላባማዋ ቤሰመር ልጅ ነው። በ2006 ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) ሂዩስተን ቴክሳንስ የሚባለው ቡድን በ33ኛ ምርጫ ወሰደው። በዚያው ዓመት ከ150 በላይ ታክል (ኳስ የያዘን ተጫዋች መጣል) ሠርቶ የሊጉ ምርጥ አዲስ ተከላካይ ተባለ። የሊጉ ምርጦች ለሚጠሩበት ፕሮ ቦውልም ሁለት ጊዜ ተመርጧል። በ2010 ግን የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። በ2012 ወደ ፊላደልፊያ ኢግልስ ሄደ፤ በ2014፣ ያውም ሂዩስተን ላይ ከቀድሞ ቡድኑ ጋር ሲጫወት፣ ያው ጉዳት ደገመው። በ2016 መጀመሪያ ኢግልስ አሰናበተው።

አሁን የምወደው ክፍል መጣ። ካይል ሻናሃን ሂዩስተን ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ሲሠራ ራያንስን ያውቀው ነበር፤ በ2017 የሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ዋና አሰልጣኝ ሲሆን ጠራው። የሰጠው ሥራ ግን ከታች ያለውን ነው፦ የጨዋታ ቪዲዮ ማየት፣ መቆራረጥ፣ ተጋጣሚ ምን እንደሚያዘወትር ነቅሶ ለአለቆች ማቅረብ። ለፕሮ ቦውል የበቃ ሰው እሺ ብሎ ገባበት። በቀጣዩ ዓመት የላይንባከሮች አሰልጣኝ ሆነ፣ በዚያው ዓመት በሦስተኛው ዙር የተመረጠ ፍሬድ ዋርነር የሚባል ልጅ መጣለት፣ ይሄ ልጅ እጁ ላይ አድጎ ከሊጉ ምርጥ ላይንባከሮች አንዱ ሆነ። በ2021 ራያንስ መላውን መከላከል ተረከበ። በ2022 ያ መከላከል ከሊጉ ሁሉ ትንሹን ነጥብ አስተናገደ፣ እሱም የዓመቱ ምርጥ ረዳት አሰልጣኝ ተባለ።

[ምስል፦ የቴክሳንስ ደጋፊዎች]

ቴክሳንስ ደግሞ በዚያን ጊዜ አሳዛኝ ነበር። በሦስት የውድድር ዘመን 11 ጨዋታ ብቻ አሸንፏል፣ ሁለት አሰልጣኞችንም አንድ አንድ ዓመት አሠርቶ አባሯል። በ2023 መጀመሪያ የድሮ ካፒቴኑን ራያንስን ዋና አሰልጣኝ አድርጎ አመጣ። ከድራፍቱ ኳርተርባኩን ሲ ጄ ስትራውድን በ2ኛ፣ ተከላካዩን ዊል አንደርሰንን በ3ኛ ምርጫ ወሰዱ። አንደርሰን እንደ ራያንስ ከአላባማ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው፤ ራያንስ ከ17 ዓመት በፊት የወሰደውን ያንኑ የምርጥ አዲስ ተከላካይ ሽልማትም ወሰደ። ቡድኑ 10 አሸንፎ 7 ተሸነፈ፣ ምድቡን መራ፣ በጥሎ ማለፉ ክሊቭላንድን 45 ለ 14 ረታ።

በ2024ም 10 አሸንፎ 7 ተሸነፈ። ግን በጥሎ ማለፉ ካንሳስ ሲቲ 23 ለ 14 አሸነፋቸው፣ ስትራውድም በዚያ ጨዋታ ስምንት ጊዜ ኳሱን እንደያዘ መሬት ላይ ተጣለ። በቀናት ውስጥ የማጥቃቱ አስተባባሪ ቦቢ ስሎዊክ ተሰናበተ። ስሎዊክ ከሳን ፍራንሲስኮ ራያንስ ራሱ ይዞት የመጣ ሰው ነበር። ከባድ ውሳኔ ነው፤ ስምንት ጊዜ የወደቀውን ልጅ ሳስብ ግን ትክክል ነበር እላለሁ።